ጥምጣም፣ መስቀልና ኒቃብ፦ ብሪታንያ ያልጻፈችው ሕግ

ብሪታንያ ውስጥ ሴት ፊቷን እንዳትሸፍን የሚከለክል ሕግ የለም። እንድትሸፍን በስም ጠቅሶ መብት የሚሰጣት ሕግም የለም። ፈረንሳይ በ2010 ከልክላ ተገላግላለች፤ ቤልጂየም፣ ኦስትሪያና ዴንማርክም ተከትለዋታል። ብሪታንያ ግን በሃይማኖት ልብስ ጉዳይ ስልሳ ዓመት ያህል ስትሟገት ኖራ ዛሬም ነገሩን በእንጥልጥል ይዛዋለች። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተንጠለጠለውን ነገር በየጊዜው አንድ ሰው ይነካካውና ይወዛወዛል። ጁን 4 ቀን 2025 በፓርላማው የረቡዕ ጥያቄና መልስ ላይ የሪፎርም ዩኬ ፓርቲ አባል ሳራ ፖቺን ተነሥተው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመርን ጠየቁ፦ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል እንደ ፈረንሳይ፣ ዴንማርክና ቤልጂየም ፊትን ጭምር የሚሸፍነውን ቡርቃ ይከለክላሉ ወይ? ፖቺን ፓርላማ ከገቡ ገና አንድ ወራቸው ነበር፤ የተመረጡትም በ6 ድምፅ ብልጫ ነው። ስታርመር በዚያ መንገድ አልከተልዎትም ብለው አለፉት። ነገሩ የፈነዳው በጠያቂዋ ወገን ነው። የፓርቲው ሊቀ መንበር ዚያ ዩሱፍ፣ ራሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ፓርቲው ራሱ የማያደርገውን ነገር ጠቅላይ ሚኒስትሩን አድርግ ማለት ጅልነት ነው ብለው ጻፉ። ወዲያው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሁለት ቀን ያህል ቆይተው ደግሞ በሌላ ኃላፊነት ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ኬሚ ባዴኖክ፣ ቢሮዬ ባለ ጉዳይ ሆኖ የሚመጣ ሰው በቡርቃም ይሁን ባላክላቫ በሚባለው ፊት ሸፋኝ ቆብ ፊቱን ሸፍኖ ከሆነ አላስተናግደውም አሉ። አሠሪዎችም የሠራተኞቻቸውን አለባበስ መወሰን መቻል አለባቸው ሲሉ አከሉበት።

ከዚያ ጫጫታው በረደ። ሕጉም ባለበት ቀረ።

ይህን የሚያይ ሰው ብሪታንያ ለመወሰን ወኔ አጥታ የቆመች አገር ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን እንጥልጥሉ ራሱ የአገሪቱ መልስ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል ለመረዳት ከኒቃቡም ከፓርላማውም ራቅ ብሎ ወደ አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1967 በዎልቨርሃምፕተን ከተማ ታርሴም ሲንግ ሳንዱ የተባለ የሲክ እምነት ተከታይ ሹፌር ታምሞ ከርሞ ወደ ሥራው ሲመለስ ጺሙን አሳድጎ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሞ መጣ። የከተማው ትራንስፖርት ደንብ ደግሞ ሹፌር ጺሙን ይላጭ፣ ቆቡን ያድርግ ይላል። ተላጭተህ ና ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። የተከተለው ክርክር ሁለት ዓመት ፈጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች ከሌላ ከተማ ሁሉ እየመጡ ሰልፍ ወጡ። የከተማዋ አንዱ የፓርላማ ተወካይ ወግ አጥባቂው ኢኖክ ፓወል ነበሩ። ኤፕሪል 20 ቀን 1968 በበርሚንግሃም ባደረጉት፣ እስከ ዛሬ "የደም ወንዞች" እየተባለ በሚጠራው ንግግራቸው ውስጥ ይህ የጥምጣም ጉዳይ አለበት። ሲኮቹ ለብሪታንያ የማይስማማ ልማድ ይዘን እንኑር ማለታቸው ኅብረተሰቡን ይሰነጣጥቃል የሚል ቃል ጠቀሱ። ቃሉ ግን የፓወል አልነበረም። የሌበር መንግሥት ሚኒስትር ከነበሩት ከጆን ስቶንሃውስ የተወሰደ ነው። ስደተኛን በመጥላት የሚታወቀው ንግግር የተደገፈው በተቃራኒው ጎራ ሰው ቃል መሆኑ ዛሬ እምብዛም አይነሣም። የልብስ ሥጋት ከጥንቱም የቀኝ ክንፍ ብቻ አልነበረም።

በዓመቱ ሶሃን ሲንግ ጆሊ የተባሉ የሲኮች መሪ ደንቡ ካልተሻረ ራሴን በእሳት አቃጥላለሁ ብለው ቀን ቆረጡ። ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1969፣ የከተማው ትራንስፖርት ኮሚቴ ደንቡን ሻረው። ፓርላማ አልወሰነም፤ ፍርድ ቤት አልፈረደም። አንድ የከተማ ኮሚቴ፣ ደስ ሳይለው፣ ከደንብ ልብስ መመሪያው ላይ አንድ መስመር አነሣ። አውቶቡሱም መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። በ1973 ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሁሉ የራስ መከላከያ ቆብ እንዲያደርግ ታዘዘ። ሲኮች ጥምጣም ላይ ቆብ አይደረግም አሉ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለዚህ አገር የተዋጋነው ጥምጣማችንን አድርገን ነው የሚለው መከራከሪያ ከባድ ሆነ። በ1976 ፓርላማው ለእነሱ ብቻ የማርያም መንገድ ከፈተ። በ1989 ይኸው ፈቃድ ለግንባታ ሠራተኞች ተሰጠ፤ በ2015 ደግሞ ወደ አብዛኛው የሥራ ቦታ ሰፋ። ፈቃዱ ግን ዋጋ አለው። ጥምጣም ያደረገ የግንባታ ሠራተኛ ራሱን ቢጎዳ ካሳ የሚያገኘው ቆቡን አድርጎ ቢሆን ኖሮም ሊደርስበት ይችል ለነበረው ጉዳት ብቻ ነው። በግልጽ አማርኛ፦ ጥምጣምህን እናከብራለን፣ አደጋውን ግን ራስህ ተሸከም። ይህ የእንግሊዝ ድርድር በአንድ አንቀጽ ተጨምቆ የሚታይበት ይመስለኛል።

የፈረንሳይ መንገድ እዚህ ለምን አልሠራም? ፈረንሳይ በ1905 ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በሕግ አፋታለች። የሕዝብ ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ምልክት የጸዳ ይሁን ስትል ቢያንስ የምትጠቅሰው መርሕ አላት። እንግሊዝ ይህ የላትም። ንጉሡ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዥ ናቸው። 26 ጳጳሳት በሎርዶች ምክር ቤት መቀመጫ አላቸው፤ ወደ ጉባኤው የሚገቡትም የክህነት ልብሳቸውን ለብሰው ነው። በ2023 የንጉሥ ቻርልስ ሥርዓተ ንግሥ ላይ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት ወደ ቆላስይስ ሰዎች ያነበቡት የሂንዱ እምነት ተከታዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ነበሩ፤ ሙስሊም፣ አይሁድ፣ ሂንዱና ሲክ የሆኑ የሎርዶች ምክር ቤት አባላትም የንግሥና ዕቃዎችን አቀብለዋል። ራሱ ቀሚስ የለበሰ መንግሥት የሌላውን ጥምጣም አውልቅ ለማለት አፉ ይያዛል።

ነገር ግን የማርያም መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። የዛሬው ቅሬታ ሥር የያዘው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

የ1976ቱ የዘር ግንኙነት ሕግ በቀለም፣ በዘርና በብሔር ማድላትን ከለከለ፤ ስለ ሃይማኖት ግን ምንም አላለም። በ1978 በበርሚንግሃም አንድ የግል ትምህርት ቤት አንድ የሲክ ልጅ ጥምጣሙን ካላወለቀና ጸጉሩን ካልተቆረጠ አልቀበልም አለ። ርዕሰ መምህሩ ልዩነት እንዲጎላ አልፈልግም ነበር የሚሉት። ክሱ ሲመጣ ጥያቄው ተጣመመና እንዲህ ሆነ፦ ሲክ መሆን ሃይማኖት ነው ወይስ ሕዝብነት? ሃይማኖት ከሆነ ሕጉ አያውቀውም፤ ሕዝብነት ከሆነ ይጠብቀዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሃይማኖት ነው ብሎ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበሩት የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች በ1983 ገለበጡት፦ ረጅም የጋራ ታሪክና የራሱ ባህል ያለው ማኅበረሰብ እንደ ብሔር ይቆጠራል፤ ሲኮች ይህን ያሟላሉ። አይሁድም ያሟላሉ።

እንግዲህ ቀጥሎ የመጣው ራስተፈሪያን ነው። አንድ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመኪና አሽከርካሪነት ሥራ አመለከተ፤ ድሬድሎክሱን ካልተቆረጠ ሥራውን እንደማያገኝ ተነገረው። ጉዳዩ እየተጓተተ በ1993 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹም ራስተፈሪያኖች የተለዩ ሰዎች መሆናቸውን አልካዱም፤ ግን ታሪካቸው 60 ዓመት ብቻ ነው፣ ረጅም አይባልም ብለው ክሱን ጣሉት። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ፈገግም ይላል፣ ቅርም ይለዋል። እነሱ ታሪካችን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይጀምራል ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱ ግን አዲስ አበባ ላይ በ1930 ከተከናወነው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ወዲህ ያለውን ነው የቆጠረላቸው። ጸጉርን ማስጠበቅ የቻለው እምነቱ ሳይሆን ዕድሜው ሆነ።

ሙስሊሞቹስ? ፓኪስታናዊው፣ ሶማሌው፣ ቱርኩና ባንግላዴሻዊው አንድ ሕዝብ ሊባሉ አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ሒሳብ የሲኩ ጥምጣም የሕግ ጥላ ሲያገኝ የሙስሊሟ ሒጃብ ውጭ ቀረ። ከሰሜን አየርላንድ በስተቀር በእምነት ምክንያት ሥራ መከልከል ሕገ ወጥ የሆነው በዲሴምበር 2003 ነው፤ ለዚያውም የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አስገድዶ። በኋላ ሁሉም በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ተጠቃለለ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ የተጠበቀበትን ሌላው ያላገኘበት አገር ውስጥ፣ "ሙስሊሞች የተለየ ነገር ይጠይቃሉ" የሚለው ወቀሳ ሲሰማ ታሪኩን የሚያስታውስ ሰው ቢያንስ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ብዝኃ ባህል ሲባል በመጀመሪያ የታሰበውን ነገር በጥሩ ቃል የገለጹት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮይ ጄንኪንስ ናቸው። በ1966 ውሕደት ማለት ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጎ መደፍጠጥ አይደለም፤ እኩል ዕድል፣ የባህል ልዩነት፣ በመካከሉም መቻቻል ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ተቺ ሁሉ የሚተቸው ይህን ዐረፍተ ነገር ነው። በ2001 በብራድፎርድ፣ በበርንሊና በኦልድሃም ሁከት ሲነሣ የተሰየመው አጥኚ ቡድን ነጮቹና የእስያ ተወላጆቹ ጎን ለጎን፣ ሳይገናኙ የሚኖሩ ሆነው አገኛቸው። በጁላይ 2005 ደግሞ አብዛኞቹ እዚያው እንግሊዝ ያደጉ አራት ወጣቶች የለንደንን ባቡሮችና አውቶቡስ አፈነዱ፤ 52 ሰው አለቀ። መቻቻል የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በአንዳንዱ አፍ ስድብ ሆነ።

በዚህ ድባብ ውስጥ 2006 መጣች። በአንዲት ዓመት ውስጥ አራት ነገር ተከሰተ፤ አራቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የብሪታንያ መልስ ምን እንደሆነ ያያል።

የመጀመሪያው በማርች ነው። ሉተን ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ 79 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ፤ ርዕሰ መምህርቷም ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። የደንብ ልብሱ ከወላጆችና ከአካባቢው መስጊዶች ጋር ተመክሮበት የተዘጋጀ ነው፤ ሻልዋር ቀሚዝ የሚባለው ረጅም ሸሚዝና ሰፊ ሱሪ፣ ሒጃብም ይፈቀዳል። አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት እሱን ለብሳ ከተማረች በኋላ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጂልባብ ለብሼ ነው የምገባው አለች፤ አይሆንም ተባለች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ግን ማርች 22 ቀን 2006 ለትምህርት ቤቱ። ምክንያቱ ጂልባብ ክፉ ነው የሚል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ አስቦበታል፣ ጂልባብ የሚፈቅዱ ሌሎች ትምህርት ቤቶች አካባቢው ላይ አሉ፣ ደግሞም ጂልባቡ ከተፈቀደ እኛም ልበሱ ተብለን እንገደዳለን ብለው የፈሩ ሴቶች ልጆች ነበሩ። በ2024 በአንድ የለንደን ትምህርት ቤት የጸሎት ክልከላ ላይ የተፈረደውም በተመሳሳይ መንፈስ ነው፤ ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች በሆኑበት በዚያ ትምህርት ቤት ልጅቷ የቦታውን ጠባይ አውቃ ነው የገባችው ተብሎ ተረታች።

ሁለተኛው በሴፕቴምበር፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ የሆኑት ኮፕት ክርስቲያኗ ናዲያ ኤዌዳ አንገታቸው ላይ የምትታይ ትንሽ መስቀል አላወልቅም ብለው ያለ ደመወዝ ወደ ቤታቸው ተላኩ። በዚያው ድርጅት ሒጃብና ጥምጣም ይፈቀድ ነበር። ኩባንያው በጥቂት ወራት ደንቡን ቢለውጥም ለቀረባቸው ደመወዝ ተከራክረው በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ተሸነፉ። በጃንዋሪ 2013 ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፦ የድርጅት መልክ የምትለው ነገር በአንዲት ትንሽ መስቀል አትበላሽም። በዚያው ውሳኔ ግን መስቀል በአንገቷ ያንጠለጠለች ነርስ ተረታች። በሽተኛ ሊጎትተው፣ ቁስል ሊነካ ይችላል የሚለው የሆስፒታሉ ምክንያት ሚዛን ደፋ። ያው መስቀል ነው፤ የአየር መንገዱ ጠረጴዛ ላይ ተፈቀደ፣ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ተከለከለ።

ማተብ ያለን ሰዎች ይህን ውሳኔ ከሌላው አንባቢ በበለጠ ልናውቀው ይገባ ነበር። ለንደን ውስጥ በእንክብካቤ መስጫ ቤቶችና በሆስፒታሎች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ክሩን ከአንገትጌው ሥር ደበቅ ማድረግ የሚያስፈልግበትን ቦታ ከማንም በላይ ያውቁታል። እሁድ ጧት በአውቶቡስ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ለምትሄደው ሴትዮ ማንም ምንም አይላትም። ከጎኗ ሒጃብ ያደረገችውን የወሎ ልጅ ግን አልፎ አልፎ የሚገላምጣት አይጠፋም። ሁለቱም የመጡት ከአንድ አገር ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው በኦክቶበር ተከታትለው መጡ። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጃክ ስትሮ፣ የብላክበርን ተወካይ፣ በአካባቢያቸው ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ፦ ቢሮዬ ፊታቸውን ሸፍነው የሚመጡትን ሴቶች ገለጥ ያደርጉልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ፤ መሸፈኛው የመለያየት ምልክት ሆኖ ይታየኛል የሚል። ቶኒ ብሌርም በዚሁ ቃል ተስማሙ። በዚያው ወር በዲውስበሪ ከተማ አንዲት ረዳት መምህርት ወንድ የሥራ ባልደረባ ባለበት ኒቃቤን አላወልቅም በማለቷ ከሥራ ታግዳ ያቀረበችው ክስ ተወሰነ። ሥራዋ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሕፃናትን መርዳት ነበር። ሕፃናቱ አፍና ገጽታ እያዩ ነው የሚማሩት ተብሎ የአድልዎ ክሷ ወደቀ፤ ቅሬታዋ በተያዘበት መንገድ ለደረሰባት በደል ግን 1,100 ፓውንድ ገደማ ተወሰነላት።

እንግዲህ ከአራቱ ሦስቱ፣ የሉተኑ፣ የሂትሮውና የዲውስበሪው፣ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ ይህ ልብስ እዚህ ቦታ፣ ለዚህ ሥራ ምን ያውካል? ስትሮ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ፦ ይህ ልብስ ስለ አንቺ ምን ይናገራል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው። ማስረጃ ይቀርብበታል፣ ይሸነፉበታል፣ ያሸንፉበታል፤ የተሸነፈውም ሰው በማግስቱ የአገሩ ሰው ሆኖ ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም የልብሱን ትርጉም የሚሰጠው ጠያቂው ራሱ ነው። የአክሱም ተማሪዎች ሒጃብ በኛው በ2017 ዓ.ም. ያስነሣውን ውዝግብ የተከታተለ አንባቢ ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ምን እንደሚመጣ አይጠፋውም።

የጋራ እሴት የሚባለው ነገር ከሁለተኛው ጥያቄ ጋር የተወለደ መሆኑ ነው ችግሩ። ዴቪድ ካሜሮን በፌብሩዋሪ 2011 ሙኒክ ላይ መንግሥት ሲከተለው የኖረው ብዝኃ ባህል ከሽፏል አሉ። በዚያው ዓመት "የብሪታንያ መሠረታዊ እሴቶች" የሚል ዝርዝር ወጣ፦ ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ የግለሰብ ነጻነት፣ የተለያየ እምነት ያላቸውን ማክበርና መቻቻል። ዝርዝሩ የተጻፈው በትምህርት ሰነድ ላይ አልነበረም። ፕሪቬንት የተባለው የፀረ ሽብር ስትራቴጂ ላይ፣ አክራሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመተርጎም ነው የገባው። በ2014 በበርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች ላይ ሴራ አለ የሚል ስም የለሽ ደብዳቤ ወጥቶ አገር ሲታመስ፣ ዝርዝሩ ወደ ትምህርት ቤት ሁሉ ወረደ፤ መምህራን በንቃት እንዲያስተምሩት ታዘዙ። በየኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ከባንዲራና ከቢግ ቤን ሥዕል ጋር ተለጠፈ።

እሴቶቹን ማን ይቃወማል? አንድ ዴንማርካዊ ወይም ካናዳዊ ሳያቅማማ ይፈርምባቸዋል፤ "ብሪታንያዊ" የሚያሰኛቸው የቱ ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የከፋው ግን ሥራ አለመሥራታቸው ነው። ኒቃብ ለባሿን በዚህ ዝርዝር መዝኗት። የግለሰብ ነጻነት የሚለው ተዋት ይላል። መቻቻል የሚለው አክብሯት ይላል። የሕግ የበላይነት የሚለው የሚከለክል ሕግ የለም ይላል። ዝርዝሩን ይዞ የሚከለክላትም፣ ዝርዝሩን ይዞ የሚሟገትላትም እኩል ትክክል ነው። ለዜግነት የሚሰጠው ፈተናም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 24 ጥያቄ በ45 ደቂቃ፣ 18ቱን የመለሰ ያልፋል። የሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች በቃሉ የሸመደደ ሐበሻ ሁሉ ስለ ጎረቤቱ ምን ያህል እንዳወቀ ራሱ ይመስክር።

ይሁንና ተቺዎቹ ፈጽሞ ልክ አይደሉም ማለት አልችልም። አንድ ቦታ ላይ ልክ ናቸው፤ እሱም እኛን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎችን ይነካል። የሴት ልጅ ግርዛት በብሪታንያ በሕግ የተከለከለው በ1985 ነው። በ2003 ሕጉ ጠብቆ ልጅን ወደ ውጭ ወስዶ ማስገረዝም ወንጀል ሆነ። የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ የተፈረደባት በ2019 ነው፤ 34 ዓመት። በወላጅ ላይ የሚመሰክር ልጅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን "ባህላቸው ነው፣ ብንነካ ዘረኛ እንባላለን" የሚለው ፍርሃት ነበር፤ የከፈለችውም ሕፃኗ ናት። ብዝኃ ባህል ሲሠራ የኖረው በማኅበረሰብ መሪዎች በኩል ነው። ከጆሊ ዘመን ጀምሮ ባለሥልጣኑ ለአንድ ማኅበረሰብ ስልክ ሲደውል የሚያነሣለት ሽማግሌ ነው፤ ወንድ ነው። ስለ ወንዶች ጥምጣም ወንዶች ሲደራደሩ ብዙ ችግር አልነበረም። ስለ ሴት ልጅ አካልና ፊት ሲሆን ግን ያው ስልክ ለማን ነው የሚደወለው? የሉተኑን ጉዳይ ካዩት ዳኞች አንዷ ሌዲ ሄል ይህን አይተውታል፦ ያደገች ሴት በምርጫዋ ከለበሰች ሌላው ሊተቻት አይገባም፤ ግን ምርጫው የራሷ መሆን አለበት።

ልብሱ ለሥራው ምን ያውካል የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን ሁለት ቀዳዳ አለው። ጠበቃ መያዝ የማይችል ሰው እስከ ስትራስቡርግ አይደርስም፤ አለቃው አውልቂ ያላት የጽዳት ሠራተኛ ወይ ታወልቃለች ወይ ትቀራለች። መንገድ ላይ ደግሞ ጥያቄው ጭራሽ አይሠራም፤ መንገድ የሥራ ቦታ አይደለምና። ቦሪስ ጆንሰን በኦገስት 2018 የጻፉት ለዚህ ምሳሌ ነው። የዴንማርክን ክልከላ ተቃወሙ፤ በዚያው ጽሑፍ ግን ፊታቸውን የሚሸፍኑትን ሴቶች ከፖስታ ሣጥን ጋር አመሳሰሏቸው። ሕጉ አልነካቸውም፤ ቀልዱ ግን መንገድ ወጥቶ ተከተላቸው። ዓመት ሳይሞላ ጆንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በሴፕቴምበር 2013 ለንደን ብላክፈርያርስ በነበረው የዘውድ ፍርድ ቤት አንዲት ተከሳሽ ኒቃብ ለብሳ ቀረበች። ዳኛ ፒተር መርፊ ረጅም ውሳኔ ጻፉ። ችሎቱ ሲካሄድ ለብሳ መቀመጥ ትችላለች። ቃሏን ስትሰጥ ግን ታወልቃለች፤ ፊቷን ዳኛው፣ ጠበቆችና የሕዝብ ዳኞች ብቻ እንዲያዩት በመጋረጃ ትከለላለች። ዳኛው በውሳኔያቸው ላይ ፓርላማው ወይም የበላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ቁርጥ ያለ መመሪያ እንዲሰጥ ጠየቁ። ሴትዮዋ በመጨረሻ ቃሏን ሳትሰጥ ቀረች፤ መጋረጃውም ሳያስፈልግ ቀረ። የጠየቁት መመሪያ በፓርላማ ሕግ ሆኖ እስከ ዛሬ አልመጣም።